የልጆች ማውንቴን ባይክ የጉልበት መከላከያ፦ አለካክ፣ አመራረጥ፣ አስተሳሰር

መከላከያ የተገዛለት ልጅ ጉልበቱ ተልጦ ቤት ሲገባ ወላጅ መጀመሪያ የሚያማርረው ዕቃውን ነው። «ርካሽ ነው፣ ከዚህ ምን ይጠበቃል» ይባልና ይታለፋል። ዕቃው ራሱ የማይረባ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ መሬት ሲነካ መከላከያው ጉልበቱ ላይ አልነበረም፤ ተንሸራቶ ቅልጥሙ ላይ ተቀምጧል። የተንሸራተተው ስለሰፋው ነው፣ የሰፋው ደግሞ «ያድግበታል» ተብሎ ስለተገዛ ነው።

ለዩኒፎርምና ለጃኬት «ያድግበታል» ያዋጣል። ለጉልበት መከላከያ ግን አንድ ቁጥር የሰፋ ማለት ከነጭራሹ እንዳልተገዛ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ሂዱ፤ በተለይ ደረጃ 2ን ሳትጨርሱ ሱቅ አትግቡ።

## ከሁሉ በፊት፦ ሄልሜት አለው?

ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የጉልበት መከላከያውን ተዉትና ሄልሜት ግዙ። የተላጠ ጉልበት ይድናል። ሄልሜት ካለው ደግሞ ፍሬኑን ፈትሹ፤ የፊቱም የኋላውም እጀታ እስከ መሪው ድረስ ሳይጠጋ ጎማውን መያዝ አለበት። ሁለቱ ከተሟሉ ወደ ጉልበት እንሂድ።

## ደረጃ 1፦ ልጁ የሚነዳበትን መንገድ ለዩ

መከላከያ የሚመረጠው በመንገዱ ነው። ከሦስቱ ልጃችሁ የትኛው ላይ እንደሚውል ወስኑ።

1. ሜዳና ኮብልስቶን። የባሕር ዳር የውስጥ መንገዶች፣ የደብረ ማርቆስ ወይም የፍኖተ ሰላም ሰፈር ውስጥ። መውደቁ አይቀርም፣ ግን ፍጥነቱ ትንሽ ነው። ጉዳቱ መላጥና መጠነኛ ምት ነው።
2. ጠጠርና ድንጋያማ የእግር መንገድ። እንደ ቤዛዊት ኮረብታ ያለ ቁልቁለት፣ የገጠር ጠጠር መንገድ፣ ውሃ የቦረቦረው መተላለፊያ። እዚህ ጉልበት የሚያርፈው ሹል ድንጋይ ላይ ነው። ምት የሚበትን ውፍረትና የማይቀደድ የፊት ገጽ ያስፈልጋል።
3. ረጅምና ቀጥ ያለ ቁልቁለት። የጮቄ ተራራ ግርጌ መንገዶችና የመሳሰሉት። ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ቅልጥምንም መሸፈን ግድ ይላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው አስፋልት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስላለው ጎረምሶችን ይስባል። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ ኩርባው ብዙ ነው፣ ፍሬን ይግላል። እዚያ ልጅን የሚያድን የጉልበት መከላከያ የለም። አትፍቀዱ።

መንገዱ በሁለቱ መሐል ከሆነባችሁ ከበድ ያለውን ያዙ፤ የሁለትና የሦስት ሲሆን ግን ልጁ ረጅም ዳገት የሚወጣ መሆኑን አስቡ። እስከ ቅልጥም የሚደርስ ጠንካራ መከላከያ ዳገት ላይ ይሞቃል፣ ይከብዳል። ልጁ ለዳገቱ ብሎ ያወልቀውና ቁልቁለቱ ላይ ሳያደርገው ይቀራል።

## ደረጃ 2፦ እግሩን ለኩ

ዕድሜ መለኪያ አይደለም። ሁለት የ11 ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ብታቆሙ የጭናቸው ዙሪያ በ5 ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ «ከ8 እስከ 12 ዓመት» የሚለውን አትመኑት።

የሚያስፈልጋችሁ፦ የልብስ ሰፊ ሜትር (ከሌለ የማይለጠጥ ገመድና ማስመሪያ)፣ እስክሪብቶ፣ ወረቀት።

1. ልጁ ቁምጣ ለብሶ ይቁም። ጉልበቱን ጥቂት ያጥፈው፤ ብስክሌት ላይ ያለ እግር ቀጥ ብሎ አይቆምምና።
2. የጉልበት ሎሚውን በሁለት ጣት ያዙና መሐሉ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ።
3. ከነጥቡ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቆጥራችሁ ሌላ ነጥብ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ቆጥራችሁ ሦስተኛ ነጥብ አድርጉ።
4. በላይኛው ነጥብ የጭኑን ዙሪያ፣ በታችኛው ነጥብ የባቱን ዙሪያ ለኩ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ፣ አይጫነው። ከሥሩ አንድ ጣት በግድ ካልገባ አጥብቃችኋል።
5. በጉልበት ሎሚው ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዙሪያ ውሰዱ። አንዳንድ አምራች የሚጠይቀው ይህንን ነው።
6. ሌላኛውንም እግር ለኩ። ልዩነት ካለ ትልቁን ጻፉ።
7. ቀኑን ጻፉበት። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በየሦስት ወሩ እንደገና ይለካል።

ስትለኩ የሚበላሸው፦ ልጁ እየሣቀ ጡንቻውን ይወጥራል፣ ቁጥሩ ያድጋል። ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ለኩ። በሱሪ ላይ የተለካ ቁጥር ደግሞ አይረባም።

### ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ካለ

«ለአቤል የጉልበት መከላከያ ላኪልኝ፣ 11 ዓመቱ ነው» ብሎ መላክ የተለመደ ነው፤ የሚመጣውም የ14 ዓመት ልጅ የሚሆነው ነው፤ እዚያም ያለችው እህት «ያድግበታል» ማለቷ አይቀርም። መልእክቱን እንዲህ ጻፉት፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሩ፦

> እታለም፣ ለብስክሌት የሚሆን የልጅ የጉልበት መከላከያ ፈልጊልኝ። ጭኑ (ከጉልበት ሎሚ መሐል 10 ሴ.ሜ ወደ ላይ) 36 ሴ.ሜ፣ ባቱ (10 ሴ.ሜ ወደ ታች) 29 ሴ.ሜ፣ ጉልበቱ ላይ 32 ሴ.ሜ። የአምራቹን የመጠን ሠንጠረዥ በእነዚህ ቁጥሮች አመሳክሪ። በዕድሜ አትግዢ። ሁለት መጠን መሐል ከወደቀ ትንሹን ያዢ። ያድግበታል ብለሽ ትልቅ እንዳትልኪ፣ ይወልቅበታል።

አምራቹ የሚለካበት ቦታ ከ10 ሴንቲ ሜትር የተለየ ከሆነ የእሱን ተከተሉ፣ በዚያው ቦታ እንደገና ለኩ።

## ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

ሱቅ ውስጥ «የጉልበት መከላከያ» ተብለው የሚቀርቡት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ግማሾቹ ለብስክሌት የተሠሩ አይደሉም።

እንደ ካልሲ የሚሳብ፣ ለስላሳ ትራስ ያለው። ቀላል ነው፣ ለመንዳት ይመቻል። ለመንገድ 1 ይበቃል። ትራሱ ምት ሲመታው ከሚጠጥር ዓይነት ከሆነ (ዲ3ኦ ከታወቁት አንዱ ነው) ለመንገድ 2ም ይሆናል።

ጠንካራ ፕላስቲክ ቆብ ያለው። ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፣ ሹል ነገር አያሳልፍም። ለመንገድ 2 የኔ ምርጫ ይህ ነው፣ ምክንያቱም የእኛ መንገድ አሸዋ ሳይሆን ስለታም ጠጠር ነው። ጉድለቱ፦ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ቀጭን ከሆነ ፕላስቲኩ ምቱን እንዳለ ለአጥንቱ ያስተላልፋል።

ጉልበትና ቅልጥምን አንድ ላይ የሚሸፍን። ለመንገድ 3። የፔዳሉ ጥርስ ቅልጥሙን እየመታ የሚያቆስለው ልጅ ካላችሁ በመንገድ 2 ላይም ይጠቅማል።

ለሞተር ብስክሌት የተሠራ። የሞተር መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ይገኛል፤ ጥንካሬው አያጠያይቅም። ግን የአዋቂ መጠን ነው፣ ለፔዳል መምታትም አልተሠራም። ጭኑና ባቱ ከአዋቂ ለማያንስ ጎረምሳ ካልሆነ ለልጅ አትግዙ።

የማይሆኑት፦

- ፋርማሲ የሚሸጠው የጉልበት ማሰሪያ። ለተጎዳ ጉልበት መደገፊያ እንጂ ምት መከላከያ አይደለም። በጨርቅ ብቻ ጠጠር ላይ መውደቅ ነው።
- የመረብ ኳስ የጉልበት ስፖንጅ። የተሠራው ለአዳራሽ ወለል ነው። ለኮብልስቶን ሌላ ከጠፋ ይሞከራል፤ ጠጠር ላይ ግን ጨርቁ በመጀመሪያው ውድቀት ይቀደዳል።
- የእግር ኳስ የቅልጥም መከላከያ ወደ ላይ ተስቦ። ሲታጠፍ ጠርዙ የጉልበት ሎሚ ሥር ይወጋል።
- ከሃይላንድ ፕላስቲክ ወይም ከካርቶን ቤት ውስጥ የተቆረጠ። ፕላስቲኩ ሲሰበር ራሱ ቢላ ይሆናል። እንዲህ ከማድረግ የሚነዳበትን ቁልቁለት መቀነስ ይሻላል።

## ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ ፈትሹ

ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ካልተቻለ ቁጥሩን ያዙና «ካልሆነ እንመልሳለን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ከገዙ በኋላ የሚነሣ ጭቅጭቅ ፍሬ የለውም።

1. ምልክቱን አንብቡ። በላቲን ፊደል «ኢኤን 1621-1» (EN 1621-1) የሚል የአውሮፓ ደረጃ ፈልጉ። ደረጃው የወጣው ለሞተረኞች ነው፣ ሆኖም የብስክሌት ዕቃ አምራቾችም ይጠቀሙበታል። ከጎኑ የመከላከል ደረጃውን የሚነግር 1 ወይም 2 የሚል ቁጥር አለ። ፍተሻው በ50 ጁል ኃይል መምታት ነው፤ ደረጃ 1 በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን ያልበለጠ ምት ወደ ውስጥ ያሳልፋል፣ ደረጃ 2 ከ20 ያልበለጠ። ስለዚህ 2 ከ1 ይበልጣል። ደረጃ 2 ግን ወፈር ይላል፤ የ8 ዓመት ልጅ ጉልበቱን አጥፎ ፔዳል መምታት ካቃተው ደረጃ 1 ውሰዱለት።

ከቁጥሩ ሌላ «ኬ» (K) ፊደል ካለ ለጉልበት የተፈተነ ማለት ነው፤ «ኢ» (E) ከሆነ ለክርን ነው። ሁለቱ ተደባልቀው የሚሸጡበት ጊዜ ስላለ ተጠንቀቁ። «ኤ» (A) ዓይነት የሚሸፍነው ስፋት አነስተኛ ነው፣ «ቢ» (B) ደግሞ ሰፊ ነው፤ ለልጅ ብዙውን ጊዜ የሚስማማው «ኤ» ነው። «ቲ» (T) ከመደመር ምልክት ጋር ካያችሁ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ከመቀነስ ምልክት ጋር ካያችሁ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይም ተፈትኗል። ለቆላ ነጂ የመጀመሪያው፣ ለጮቄ ማለዳ ሁለተኛው ቁም ነገር አለው።

ምልክቱ ትራሱ ራሱ ላይ ታትሞ ይገኝ። ካርቶኑ ላይ ብቻ ከሆነ አትቁጠሩት።

2. በአውራ ጣት ተጫኑ። ምልክት የሌለው ከሆነ (ገበያችን ውስጥ ብዙው የለውም) ይህን አድርጉ። አንድ እጃችሁን ከትራሱ ሥር አግቡና በሌላው አውራ ጣት ከላይ አጥብቃችሁ ተጫኑ። የታችኛው እጃችሁ የጣቱን ጫፍ ለይቶ ከተሰማው ስፖንጁ ባዶ ነው፣ መልሱት። ምት ሲያገኘው የሚጠጥረው ዓይነት በዝግታ ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰምጣል፣ በቡጢ ድንገት ሲመቱት ግን እጅ ይመልሳል።

3. የፊት ጨርቁን በጥፍር ፈትጉ። ክር ከተነሣ ጠጠር አይችልም።

4. ስፌቱንና ሪቬቱን እዩ። ውስጡን ገልብጣችሁ በጣት ዳብሱ። የሚወጋ የሪቬት ጫፍ ወይም ጠንካራ የስፌት ቋጠሮ ካለ ልጁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያወልቀዋል።

5. ላስቲኩን ሳቡ። ለቃችሁት ወዲያው ካልተመለሰ ሞቷል።

### ሰልባጅ ከሆነ

ከሰልባጅ ጥሩ ዕቃ ይወጣል፣ እኔም አልንቀውም። ግን ሦስት ነገር ፈትሹ። ትራሱ የሚገባበት ኪስ ባዶ እንዳይሆን፤ ኪሱን ከፍታችሁ አይታችሁ አረጋግጡ፣ ጨርቁ ብቻ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ትራሱን አጥፋችሁ ተመልከቱ፤ ከተሰነጠቀ ወይም በጣት ሲነካ እንደ ፍርፋሪ ከረገፈ አርጅቷል። ቬልክሮውን (ተጣባቂውን ማሰሪያ) ደግሞ አጣብቃችሁ ወደ ጎን ጎትቱ፤ ካንሸራተተ ልብስ ሰፊ በአዲስ ሊቀይረው ይችላል፣ ስለዚህ ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

## ደረጃ 5፦ ልጁ ላይ ፈትኑ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ልጁን አቁሞ «ጥሩ ነው?» ይለዋል፣ ልጁም አዲስ ዕቃ ነውና «ጥሩ ነው» ይላል። አትጠይቁት፣ አስደርጉት።

1. በቆዳው ላይ ወይም በቀጭን ታይት ላይ ይልበሰው። በጂንስ ወይም በዩኒፎርም ሱሪ ላይ የታሰረ መከላከያ ከሱሪው ጋር ይዞራል።
2. ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጥ። የጉልበት ሎሚው በትራሱ ጎድጓዳ ቦታ መሐል መቀመጥ አለበት። ቆሞ ልክ የሚመስለው ሲታጠፍ ሁለት ጣት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ዳኛው ሲታጠፍ ያለው ቦታ ነው።
3. ከማሰሪያው ሥር አንድ ጣት አግቡ። ሁለት ጣት በቀላሉ ከገባ ሰፍቷል። አንዱም ካልገባ ጠቧል።
4. 10 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ይነሣ። ከዚያ ቦታውን እዩ።
5. ታችኛውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ታች ጎትቱ፣ ከዚያ ከጎን ገፍታችሁ ለማዞር ሞክሩ። ቆዳው አብሮ ይንቀሳቀስ እንጂ መከላከያው ብቻውን መሄድ የለበትም።
6. ቤት ከሆናችሁ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ ፔዳል 50 ዙር ያስመቱት።
7. ለ20 ደቂቃ አድርጎት ይጫወት። ካወለቀ በኋላ ቆዳው ላይ የቀረው ቀይ መስመር በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ወይም እግሩ ከደነዘዘ ጠቧል።

ካልተሳካ፦ በ4 ወይም በ5 ላይ ከወደቀ ትንሹን መጠን አምጡ። በ7 ላይ ከወደቀ ትልቁን። ትንሹ ጠቦ ትልቁ የሚንሸራተት ከሆነ ዓይነቱ ለዚህ እግር አይሆንም፤ እንደ ካልሲ የሚሳበውን ትታችሁ ከላይም ከታችም የሚጠብቅ ማሰሪያ ያለውን ፈልጉ። ቀጫጭን እግር ላላቸው ልጆች (ብዙዎቹ ልጆቻችን እንዲያ ናቸው) መጀመሪያውኑ ይሄኛውን መፈለግ ይሻላል።

## ደረጃ 6፦ አስተሳሰሩ

ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው።

1. የግራና የቀኝ ምልክቱን ለዩ። ምልክት ከሌለው የማሰሪያው ጫፍ የሚጨርሰው በእግሩ ውጫዊ ጎን እንዲሆን አድርጉ። ወደ ውስጥ የቀረ ጫፍ ቀኝ እግር ላይ ካቴናው ይይዘዋል።
2. ልጁ ተቀምጦ ጉልበቱን ወደ ግማሽ ይጠፍ።
3. ትራሱን ጉልበት ሎሚው ላይ አስቀምጡ።
4. መጀመሪያ የታችኛውን ማሰሪያ ከባቱ ወፍራም ቦታ ከፍ ብሎ አጥብቁ። መከላከያውን እንዳይወርድ የሚይዘው የባቱ ውፍረት ነው። ልጆች የላይኛውን አንቀው የታችኛውን ይተዉታል፤ ያኔ ደም ይታፈናል፣ መከላከያውም አይቆምም።
5. ከዚያ የላይኛውን፣ ከታችኛው ላላ አድርጋችሁ። ጭን ፔዳል ሲመታ ያብጣል።
6. መሐለኛ ማሰሪያ ካለ የመጨረሻው እሱ ነው፤ ቋንጃ ላይ እንዳይታጠፍ ልቀቅ ይበል።
7. የተረፈውን የቬልክሮ ጫፍ ሙሉ በሙሉ አጣብቁ።

ልጁ ራሱ ደግሞ እንዲያስረው አድርጉ። እናንተ በሌላችሁበት የሚያስረው እሱ ነው።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ጉዞ

አጭርና የታወቀ መንገድ ይሁን። ከ10 ደቂቃ በኋላ አቁሙትና ማሰሪያውን እንደገና አጥብቁ፤ ላስቲክ በሰውነት ሙቀት ይላላል። በጮቄ አካባቢ ወይም በማለዳ ከሆነ ምት ሲያገኘው የሚጠጥረው ዓይነት ትራስ ብርድ ላይ ራሱ ይደርቃል፣ አይታጠፍም። ሌሊቱን ቤት ውስጥ ይደር፣ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ጃኬት ውስጥ ይያዘው።

ከዚህ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሔያቸው፦

ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛውን ማሰሪያ ከባቱ ወፍራም ቦታ በላይ መሆኑን እዩ። ላብና ቅባት ካለ እግሩን አድርቁ፤ ጠዋት ቅባት ወይም ቫዝሊን የተቀባ እግር ላይ ምንም አይቆምም። አሁንም ከወረደ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ የኋላውን ስፌት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያስጠብቡ። ትራሱንና ኪሱን መርፌ አይንካው። ከ2 በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ መጠኑ ነው የተሳሳተው።

ወደ ጎን ይዞራል። ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ይሆናል። ካልሆነ ከሥሩ ያለውን ሱሪ አውልቁ።

ቋንጃውን ይልጠዋል። ቀጭን ታይት ከሥሩ ይልበስ፤ የኋላው ጨርቅ ታጥፎ ከሆነ ወደ ላይ ሳቡና አስተካክሉት። የተላጠው እስኪድን ግን ያሳርፈው።

ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት ያመዋል። በፍጥነት በሚያድጉበት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች እዚያች ቦታ ላይ ጉብ ያለ የሚያም እብጠት ሊወጣባቸው ይችላል፤ የሚመጣው ጡንቻው የአጥንቱን የእድገት ቦታ ሲስበው ነው። ማሰሪያው እዚያ ላይ ካረፈ አንሡት። ሕመሙ ሳይነዳም ካለ ወይም ካነከሰ ሐኪም ይየው።

አላደርግም ይላል። ጓደኞቹ «ፈሪ» ብለውት ይሆናል። ክርክር አያዋጣም። አንድ ደንብ አውጡ፤ ብስክሌቱና መከላከያው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይወጣም። ሱሪ ሥር የሚገባ ቀጭን ዓይነት መግዛት ደግሞ ግማሹን ጸብ ያስቀራል። የሚከራይ ብስክሌት የሚነዳ ከሆነ የኪራዩን ገንዘብ መከላከያውን አድርጎ ሲወጣ ብቻ ስጡት።

## ደረጃ 8፦ ከወደቀ

መከላከያውን ለማየት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ልጁን።

1. ቀስ ብላችሁ አውልቁ። ቁስል ላይ ከተጣበቀ በንጹሕ ውሃ አርጥቡ እንጂ አትንጠቁ።
2. ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ላይ ላይ ያለውን ጠጠር በውሃ አስወግዱ። ቡና፣ ቅቤ፣ አፈር፣ ቤንዚን አታድርጉ።
3. ቆም ብሎ 4 እርምጃ ይራመድ። ጉልበቱን እስከ 90 ዲግሪ (ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ) ይጠፍ።

የሚከተለው ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፦ 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፤ እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ካልቻለ፤ የጉልበት ሎሚው ሲነካ ከባድ ሕመም ካለው ወይም ከቦታው የሄደ ከመሰለ፤ ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፤ ቁስሉ ጥልቅ ሆኖ ከተከፈተ ወይም ጠጠሩ ካልወጣ፤ በቀናት ውስጥ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑንም እዚያው ጠይቁ፤ በአፈርና በፍግ የቆሸሸ ቁስል ለዚህ በሽታ በር ነው።

ስለ ወጌሻ፦ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደዚያ ነው። ያበጠና የማይታጠፍ የልጅ ጉልበት ግን ራጅ ሳይነሣ አይታሽ፣ አይጎተት። ልጅ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ገና ለስላሳ ነው፤ እዚያ ላይ ስንጥቅ ካለና ከታሸ እግሩ ሲያድግ ሊጣመም ይችላል። እስክትደርሱ ድረስ እግሩን በሚያመቸው ሁኔታ ደግፋችሁ አስቀምጡት።

ልጁ ደኅና ከሆነ ወደ መከላከያው ተመለሱ። ሲወድቅ የት ነበር? ከቦታው ሸሽቶ ከነበረ ደረጃ 5ን ከመጀመሪያው ድገሙ። ቦታው ላይ ሆኖ ምቱን ከተቀበለ ትራሱን አውጥታችሁ አጥፉት፤ ስንጥቅ ካለ ወይም የተመታው ቦታ ሰምጦ ከቀረ ተቀያሪ ነው። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በማስቲሽ አይጠገንም።

## ደረጃ 9፦ አጠባበቅ

ትራሱ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ጨርቁን ቬልክሮውን ዘግታችሁ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በልብስ ሳሙና በእጅ እጠቡ፤ ክፍት የቀረ ቬልክሮ ጨርቁን ይበላዋል። ትራሱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አትዘፍዝፉ። በረኪና ላስቲኩን ይገድላል፣ ፍል ውሃም እንዲሁ።

በጥላ አድርቁ። የጠራራ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ የደረቀ ስፖንጅ ይሰነጠቃል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጨርቁ በሁለት ቀንም አይደርቅም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አትጠቡት። ጭቃውን ደርቆ ሲራገፍ በብሩሽ ምቱ፣ ገልብጣችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉ። በተለይ የዋልካ ጭቃ እርጥብ ሆኖ ሲፈተግ ወደ ቬልክሮው ይገባል፣ ከዚያ በመርፌ ካልሆነ አይወጣም።

በየሦስት ወሩ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና እንደገና ለኩ። ጭኑ ወይም ባቱ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ካለፈ፣ ወይም ሲታጠፍ የጉልበት ሎሚው ከትራሱ ጠርዝ ካመለጠ፣ መከላከያው አልቋል፤ ላስቲኩ አዲስ ቢመስልም። ለታናሽየው ለማስተላለፍ የምታስቡ ከሆነ በደረጃ 4 ላይ ያለውን የሰልባጅ ፍተሻ አድርጉበት፣ ታናሽየውንም ለኩት። አሁን ከሰፋው መሳቢያ ውስጥ ይቆይለት።